የኮምፓይለሩ ፊርማ

ሮሐ አዲሱ ገበያ ከታክሲ ወርዳ፣ የመኪና መለዋወጫ ሱቆች ያሉበት ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ወዳለው ቢሮዋ እስክትደርስ ድረስ ቢያንስ አንድ ሰው ትጠረጥራለች። ረዳቱ የመለሰላትን ብር ወደ ብርሃን አንሥታ ታያለች። ደረጃ ላይ ከኋላዋ የሚመጣው ሰው ቆም ካለ እሷም ቆም ትላለች። ወንበሯ ትናንት ከተወችው ትንሽ ዞሮ ካገኘችው «ማነው እዚህ የተቀመጠው?» ሳትል ሥራ አትጀምርም። ብዙውን ጊዜ የተቀመጠ ሰው የለም፤ የጽዳት ሠራተኛዋ መጥረጊያ ገፍቶት ነው።

ይህንን የማውቀው ቁስቋም ዳገቱ ላይ፣ እናቷ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ስለምኖር ነው። ልከራይ ስመጣ መታወቂያዬን ከፊትም ከኋላም ፎቶ ያነሣችው፣ «ግጥም እጽፋለሁ» ስላት ደግሞ «ከግጥም ሌላስ?» ብላ ዓይን ዓይኔን ያየችው እሷ ናት። እናቷ ወይዘሮ ሙሉእመቤት «ተይው ልጁን» እያሉ ሳቁ። ጠባዩ ከማን እንደመጣ ለማወቅ ግን ብዙ አልቆየሁም። ወይዘሮ ሙሉእመቤት ዕድሜያቸውን ሙሉ ቅቤ ነጋዴ ነበሩ። ቅቤ ሲገዙ ላዩን አያዩም፤ ስንደዶ እስከ መሐሉ ይሰኩና አውጥተው ጫፉን ያሸታሉ። «ላዩንማ ማንም ያሳምረዋል» ይላሉ። ሮሐ ያደገችው ያንን ስንደዶ እያቀበለች ነው።

ሥራዋ ግን ከቅቤ የራቀ ነው። የምትሠራበት ትንሽ ድርጅት ጤና ጣቢያ ውስጥ ክትባት በሚቀመጥበት ፍሪጅ ላይ የምትለጠፍ፣ ከልብስ ሳሙና የማትበልጥ ሣጥን ያመርታል። ሣጥኗ የፍሪጁን ቅዝቃዜ እየለካች ቁጥሩን በትንሽ መስኮቷ ታሳያለች፤ ነገር ሲበላሽ ትጮኻለች። በውስጧ ሊኑክስ በሚባል ሥርዓት የሚሠራ ትንሽ ኮምፒውተር አለ፤ ነገር ግን አቅመ ደካማ ናት፤ የራሷን ፕሮግራም ራሷ ማዘጋጀት አትችልም። ስለዚህ ሰው የጻፈውን ወደ ሣጥኗ ቋንቋ የሚለውጥላት ቢሮ ያለው ትልቁ ኮምፒውተር ነው። የሚለውጠው መሣሪያ ኮምፓይለር ይባላል። ከነረዳቶቹ አንድ ላይ ሲሆን ቱልቼይን ይሉታል። ሮሐ የቱልቼይኑ ጠባቂ ናት። ታድሰዋለች፣ ትጠግነዋለች፣ ሰው እንዳይነካካው ታያለች።

«ቆይ» አልኳት መጀመሪያ ስታስረዳኝ። «ትልቁ ኮምፒውተር ለሣጥኗ ያዘጋጀውን ራሱ ማስኬድ ይችላል?»

«አይችልም። የእሷ አንጎል ሌላ ነው።»

«ማለት... ራሱ በማይናገረው ቋንቋ ለሌላ ይጽፋል?»

«አዎ።»

«ታዲያ በትክክል መጻፉን በምን ያውቃል?»

ያን ጊዜ ሮሐ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ጥርጣሬ አየችኝ። «አያውቅም» አለች። «እኔ ለዚህ ነው ያለሁት።»

እኔ ለብዙ ቀን ሌላ ነገር ማሰብ አቃተኝ። ራሱ የማይሰማውን ቃል ሳይሳሳት ለሌላ የሚያቀብል ፍጡር! እሷ ግን «ምኑ ነው የሚደንቀው? መሣሪያ ነው። መሣሪያ ደግሞ አይታመንም» አለችኝ።

መተማመኛው ሙከራ ነው። በቢሮው አንድ ግድግዳ ላይ ሣጥኖች ክዳናቸው ተከፍቶ፣ ገመዳቸው ተንጠልጥሎ መደርደሪያ ላይ ተደርድረዋል። አንድ ሰው ፕሮግራሙ ላይ አንዲት ቃል በለወጠ ቁጥር የሙከራ ሰርቨር የሚሉት ኮምፒውተር ማንም ሳያዘው ይነሣል። ጽሑፉን በቱልቼይኑ ያዘጋጃል፤ ሣጥኖቹ ላይ ይጭናል፤ ያጠፋቸዋል፣ ያበራቸዋል፤ «አሁን ቅዝቃዜው ይህን ያህል ደረሰ» ብሎ ይዋሻቸዋል። በትክክል ከመለሱ ግድግዳው ላይ ያለው ስክሪን አረንጓዴ ይሆናል፤ ከሳቱ ቀይ።

ሙከራውን የምትይዘው ሚልካ ናት። በቤተ ክርስቲያኗ ኳየር የምትዘምር፣ ሳቋ ከሕንፃው በር የሚሰማ ሴት ናት። ሮሐ በዚያ ቢሮ ውስጥ ቦርሳዋን ክፍት ትታ የምትነሣው እሷ አጠገብ ስትቀመጥ ብቻ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በነሐሴ፣ በፍልሰታ ጾም ነው። ከእንጦጦ የወረደው ጉም መስኮቱን ሸፍኖት፣ ቢሮው ውስጥ ጠዋቱም ከሰዓቱም አንድ ዓይነት ነበር። አዲሶቹ ሣጥኖች ዓርብ ወደ ጤና ጣቢያዎች ሊላኩ ነው። በዚያው ዓርብ ደግሞ ጋሽ መሸሻ በጡረታ ሊሰናበቱ ነው። የሣጥኗን ዋና ፕሮግራም የጻፉት እሳቸው ናቸው። ድሮ ሬዲዮ ይጠግኑ ነበር፤ በኋላ ኮምፒውተሩን ብቻቸውን ተማሩት፤ ሚልካን ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣች ተቀብለው ሥራውን ያስለመዷትም እሳቸው ናቸው። ጋቢ ተገዝቶላቸዋል። ንግግሩን ሚልካ እየጻፈች ነው።

ማክሰኞ ሮሐ ለሚላኩት ሣጥኖች የሚጫነውን የመጨረሻ ፋይል በራሷ ኮምፒውተር አዘጋጀች። ይህ የእሷ ብቻ ሥራ ነው። ከዚያ ማንም ያላዘዛትን አደረገች፤ የራሷን ፋይል የሙከራ ሰርቨሩ ከፈተነው ፋይል ጋር አስተያየችው። ከአንድ ጽሑፍ፣ በአንድ ኮምፓይለር የወጡ ሁለት ፋይሎች እስከ መጨረሻዋ ነጥብ አንድ መሆን አለባቸው።

አልነበሩም። ስለዚህ የተፈተነው አንድ ነገር፣ የሚላከው ሌላ ነገር ነው።

ፋይሉን ከፍታ ውስጡን አየች። ኮምፓይለር፣ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ከሥዕሉ ግርጌ ስሙን እንደሚያኖረው፣ በሠራው ሥራ ውስጥ ስሙን ይተዋል። ይህን ስትነግረኝ ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። በሮሐ ፋይል ውስጥ የአዲሱ ኮምፓይለር ስም ብቻ አለ። በሰርቨሩ ፋይል ውስጥ ግን ሁለት ስም ነበር፤ አንደኛው የአሮጌው። አሮጌውን ከሙከራ ሰርቨሩ ላይ ራሷ በግንቦት አጥፍታዋለች። ሞቶ የተቀበረ ሰው ትናንት ፈርሞ ሲገኝ ምን ይባላል?

አንድ ሰው እጁን አስገብቷል። ማን እንደሆነ ግን ሰርቨሩ አይናገርም፤ ምክንያቱም ሁሉም ሰው የሚገባበት በአንድ ስም ነው፤ የይለፍ ቃሉም ኪቦርዱ ጀርባ በፕላስተር ተለጥፏል። ሮሐ ይህን ስትቃወም ኖራለች። የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ያዕቆብ በየጊዜው የሚሰጣት መልስ አንድ ነው፤ «ቤተሰብ አይደለንም እንዴ?»

ያን ጠዋት ሁሉንም ስታይ አረፈደች። በመጨረሻ ዓይኗ ኤልሮኢ ላይ አረፈ። ኤልሮኢ የሣጥኖቹን ገመድና ኤሌክትሪክ የሚይዝ አዲስ ቅጥር ነው፤ የሙከራ ጊዜውን ገና አልጨረሰም። ከዚህ በፊት የሠራው ተመሳሳይ ሣጥን በሚያመርት ሌላ ድርጅት ነው። ስልክ ሲደወልለት ደረጃው ላይ ወጥቶ ይንሾካሾካል።

በምሳ ሰዓት ሚልካ ሣህኗን ከፈተች። ጥብስ ነበር።

«አዝናለሁ እህቴ» አለች። «ሽታው ራሱ ያስገድፋል አይደል?»

«ዝም ብለሽ ብይ።» ሮሐ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ አትቀምስም።

«ስትጾሚ ጥርጣሬሽ ይብሳል ልበል? ከጠዋት ጀምሮ ሰውን እንደ ፖሊስ ነው የምታዪው።»

«ኤልሮኢ ደረጃ ላይ ከማን ጋር ነው የሚንሾካሾከው?»

«ከደላላ ነዋ። ጥቅምት ሊያገባ፣ ቤት ያጣ ሰው ነው። እኛ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያልጠየቀው ሰው የለም።»

«ከደላላ ጋር የሚያወራ ሰው ድምፁን ዝቅ አያደርግም። ይጮኻል።»

«አንቺን ያገባ ሰው ግን መንግሥተ ሰማያት በቀጥታ ነው የሚገባው» አለች ሚልካ፤ የራሷ ቀልድ አሳቃት።

ሮሐ አልሳቀችም። ከሰዓት ያዕቆብ ቢሮ ገብታ ሁለቱን ፋይሎች አሳየችው። ያዕቆብ ፊርማውን ሲያይ ወንበሩ ላይ ተስተካክሎ ተቀመጠ።

«ስም ስጪኝ» አለ።

«ማስረጃ የለኝም።»

«ማስረጃ አላልኩሽም። እ... ማለቴ፣ ዓርብ ዕቃው ይወጣል። ውስጣችን የሌላ ሰው እጅ ካለ አሁን ነው ማወቅ ያለብኝ። በቃ፣ የምትጠረጥሪውን ንገሪኝ።»

«ኤልሮኢ ይመስለኛል።»

ያዕቆብ ሌላ አልጠየቃትም። ረቡዕ ጠዋት ኤልሮኢ የቢሮውን ቁልፍ አስረከበ። ለሌላው ሰው «ጥቂት ቀን ዕረፍት ጠይቆ ነው» ተባለ። ቻርጀሩን ሊወስድ ሲመጣ ሮሐ ጠረጴዛ አጠገብ ቆመ።

«አንቺ ነሽ?» አላት ቀስ ብሎ።

«ምኑ?»

«ያዕቆብ 'እስኪጣራ ድረስ' አለኝ። ምን እንደሚጣራ አልነገረኝም። የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ሳምንት ነው የቀረው ሮሐ። በዚህ ስም ከወጣሁ ሌላ ቦታ ማን ይቀጥረኛል?»

ሮሐ ስክሪኗን እያየች ዝም አለች። እሱም ጥቂት ጠብቆ ደረጃውን ወረደ። ዝም ያለችው ስለሚያሳዝናት እንዳልነበር ነግራኛለች። የሚዋሽ ሰው ድምፁ እንደዚህ ይሆን ይሆን ብላ እያዳመጠች ነበር።

ከዚያ የሙከራ ሰርቨሩን አጸዳች። አሮጌውን ኮምፓይለር ከተሸሸገበት አግኝታ አጠፋችው፤ ሁሉንም ወደ አዲሱ መለሰችው። ሰርቨሩ ሥራውን ጀመረ፤ ሣጥኖቹ ጠፍተው እንደገና በሩ። ስክሪኑ ቀይ ሆነ።

«የሆነ ነገር ተበላሽቷል» አለች ሮሐ። በልቧ ግን ኤልሮኢ ያበላሸው ሌላም ነገር አለ እያለች ነበር።

«ተይው፣ እኔ አየዋለሁ» አለች ሚልካ። ፈጥና ነው ያለችው።

ሮሐ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በየዓይነቱ ልትበላ ወርዳ ስትመለስ ስክሪኑ አረንጓዴ ነበር።

«ምን ሆኖ ነው?»

«ገመድ ላልቶ ነው።»

ሌላ ሰው ቢሆን እፎይ ይላል። ሮሐ ግን ፋይሉን ከፈተችው። ውስጡ ሁለት ስም ነበር። አሮጌው እንደገና ፈርሟል። ኤልሮኢ ደግሞ ቁልፍ የለውም፣ ቢሮው ውስጥም የለም። የቀረውን ሰው ለመቁጠር ጊዜ አላስፈለጋትም፤ እሷ ስትወርድ ሰርቨሩ አጠገብ የቀረችው አንዲት ሴት ብቻ ናት።

ደረጃው ላይ ጠራቻት።

«ገመድ አይፈርምም» አለቻት።

ሚልካ መጀመሪያ ልትስቅ ሞከረች። ከዚያ ግድግዳውን ተደገፈች። «ለጋሽ መሸሻ ብዬ ነው» አለች።

«ምን?»

«አዲሱን ኮምፓይለር ስታመጪ የእሳቸው ጽሑፍ ወደቀ። ከዜሮ በታች ያለውን ቁጥር ይስታል። ምን ልበላቸው? በመጨረሻ ወራታቸው 'ጋሼ፣ ስሕተት ተገኘብዎ' ልበላቸው? ጋቢ ገዝተን፣ ንግግር ጽፈን? ያስተማሩኝን ሰው?»

«እና ደበቅሽው።»

«ለሙከራው ብቻ! የእሳቸውን ክፍል ብቻ፣ እኔ ጋ ባስቀረሁት የአሮጌው ቅጂ አዘጋጅቼ ነው ያሳለፍኩት። ከተሸኙ በኋላ ቀስ ብዬ ላስተካክለው ነበር። የሚላከውን እስከ አዲስ ዓመት በአሮጌው እንደምታዘጋጂው የነገርሽን አንቺ አይደለሽ?»

ሮሐ እውነትም እንዲህ ብላ ነበር። በኋላ ሐሳቧን ለውጣ የሚላከውንም በአዲሱ ማዘጋጀት ጀመረች፤ ለማንም ግን አልተናገረችም። አንድ ነገር ስትለውጥ አታሳውቅም። ማን እንደሚደነግጥ ማየት ትወዳለች።

«በአዲሱ ነው ያዘጋጀሁት» አለች በመጨረሻ።

ሚልካ አፏን በእጇ ያዘች። ሁለቱም ወዲያው የታያቸው አንድ ነገር ነው። ክትባት ሞቆ ብቻ ሳይሆን በርዶም ይበላሻል። ፍሪጁ ከዜሮ በታች አምስት ሲደርስ ሣጥኗ የመቀነስ ምልክቱን ትስታለች፤ ያለ ምልክቱ በኮምፒውተር አቆጣጠር ሁለት መቶ ሃምሳ አንድ ብላ ታነበዋለች። ይህን ያህል ሙቀት የማይታመን ነው ብላ ትጥለዋለች፤ በቦታው ቀድሞ የነበረውን ቁጥር ትደግማለች። ክትባቱ በረዶ ሆኖ ሳለ መስኮቷ ላይ አራት ይላል። ጩኸት የለም። ነርሷ አራቱን አይታ፣ በርዶ የሟሟውን ክትባት በመርፌ ትቀዳለች።

«ኤልሮኢስ?» አለች ሮሐ ለራሷ ያህል።

«ኤልሮኢ ምን?» ሚልካ ቀና አለች። «ሮሐ! ለዚህ ነው የሄደው? አንቺ ነሽ?» ትናንት የሳቀችበት ድምፅ አልነበረም። «ከደላላ ጋር ነው ብዬሽ ነበር እኮ!»

ጋሽ መሸሻ ዘንድ አብረው ገቡ። ሚልካ እያለቀሰች ነገረቻቸው። እሳቸው መነጽራቸውን ከአፍንጫቸው ጫፍ አውርደው በሸሚዛቸው ጠረጉት፤ ብዙ ጠረጉት።

«ሞቻለሁ እንዴ?» አሉ።

«ኧረ ጋሼ! እግዚአብሔር አይበለው።»

«ታዲያ ለምን ትቀብሪኛለሽ? የሞተ ሰው ስሕተት ነው የሚሸፈነው። የቆመ ሰው ይነገረዋል።»

ከዚያ ወደ ጽሑፋቸው ዞሩ። ቅንድባቸው ተሰበሰበ። «ግን ይሄ ለዓመታት ሲሠራ የኖረ ነው። በአሮጌው ለምን ሠራ?»

ሮሐ የአሮጌውን ቱልቼይን ማዘዣ ከፈተች። ትናንሽ ቁጥሮች ሁሉ የመቀነስ ምልክት እንዳላቸው ተደርገው ይነበቡ የሚል አንድ መስመር አለ። የጻፈችው ራሷ ናት። ሥራ በጀመረችበት ዓመት ይኸው ስሕተት አጋጥሟት፣ ለጋሽ መሸሻ መናገር ከብዷት፣ በዚያ መስመር ሸፍናው አልፋ ነበር። አዲሱን ስትሠራ ረሳችው። በዚያ ሳምንት ያዕቆብን ሳይቀር ጠርጥራለች፤ ራሷን ግን ለአንድ ደቂቃ እንኳ አልጠረጠረችም።

ጋሽ መሸሻ መስመሩን አነበቡ፤ ሁለቱን ሴቶች ተራ በተራ አዩ። «ያቺ ሸፈነችልኝ፣ ይቺም ሸፈነችልኝ። እንዲህ ተሸፋፍኜ ነው እንዴ ስኩራራ የኖርኩት?» ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን አልቆየም። ኪቦርዱን ወደ ራሳቸው ሳቡ። «ጋቢያችሁን አስቀምጡት። ይህ ሣጥን ብርድ መለየት ሳይችል እኔ ጋቢ አልለብስም።»

ሮሐ ወደ ያዕቆብ ቢሮ የሄደችው ብቻዋን ነው።

«ስም ሰጥቼህ ነበር። ተሳስቻለሁ» አለችው።

«ታዲያ ማነው?»

«እኔ ነኝ።» ነገረችው። የሚልካን ድርሻ ሚልካ ራሷ እንደምትነግረው ነገረችው። ዓርብ ዕቃው መውጣት እንደማይችልም ነገረችው። ያዕቆብ ጮኸ፤ ቀጥሎ ስልክ ደዋወለ፤ በመጨረሻ ግንባሩን ይዞ «ልጁን ጥሪው» አለ።

ኤልሮኢ የሮሐን ስልክ አላነሣም። የያዕቆብንም ያነሣው ዓርብ ነው። ሰኞ ሲመጣ ያዕቆብ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አደረገለት፤ ቋሚ ቅጥር የሚልም ደብዳቤ አብሮ ሰጠው። ኤልሮኢ ደብዳቤውን ተቀበለ። ቁልፉን አልነካም።

«ይቅርታ አድርግልኝ» አለች ሮሐ። ቃሉን የለመደ አፍ አልነበራትም።

«ቤቱ አመለጠኝ» አላት። «አከራዮቹ ሐሙስ የሥራ ደብዳቤ ካላመጣህ አሉኝ። የማመጣው አልነበረኝም።»

«እናቴ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል...»

«አንቺ ግቢ? ሚልካ እንደነገረችኝ፣ የኔንም ሚስት መታወቂያ ከፊትና ከኋላ ፎቶ ልታነሺ?» ሚልካ ከጥግ ሳታስበው ሳቀች፤ ወዲያው አቆመች። ኤልሮኢ ግን እየቀለደ አልነበረም። ወደ ያዕቆብ ዞረ። «የምመለሰው እንዲህ ከሆነ ብቻ ነው። ሁሉም ሰው ሰርቨሩ ላይ በየራሱ ስም ይግባ። ቱልቼይኑን ማንም ብቻውን አይለውጥ፤ እሷም ጭምር። ሌላ ሰው ቁጭ ብሎ ሳያየው አንዲት መስመር አትገባም።»

«የኔን ሥራ ማን ነው የሚያየው?» አለች ሮሐ።

«እኔ።»

ፊቷ ተለዋወጠ። ለዓመታት የሰውን ሥራ ውስጡን ስታይ የኖረች ሴት፣ የራሷን አሳይታ አታውቅም። ገመድ የሚያስር ልጅ ቱልቼይን ምን ያውቃል ልትል አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠችው። ያዕቆብም ሚልካም እያዩዋት ነበር።

«እሺ» አለች።

ኤልሮኢ ቁልፉን አነሣ። በማግስቱ ጠዋት ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። ሮሐ የለወጠችውን ከፈተችለት፤ ጥቂት መስመሮች ናቸው። በጣቱ ስክሪኑን እየነካ፣ ያልገባውን እያስቆማት፣ አንዳንዱን ሁለት ጊዜ እያስነገራት አነበበው። የጣቱ አሻራ ስክሪኗ ላይ ሲቀር አየች፤ አልጠረገችውም።

«ምንም የለበትም» አለ በመጨረሻ።

«እርግጠኛ ነህ?»

«አይደለሁም» አለና ወንበሩን ይበልጥ አስጠጋ። «ከመጀመሪያው አሳዪኝ።»